ዋይፋዩ ይይዛል፣ ገጹ ግን አይከፍትም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ከገባ ወዲህ ከጎጃም የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገጥማሉ። ኮምፒውተሩ ዋይፋይ ይይዛል፤ ድረ ገጽ ግን አይከፍትም። ጥያቄው አንድ ይምሰል እንጂ መልሱ አንድ አይደለም። ከፍኖተ ሰላም የጻፈልኝ አባወራ ችግርና ከሞጣ የጻፉልኝ ጡረተኛ መምህር ችግር ስክሪን ላይ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ሲገባ ግን ምንም አይገናኙም። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ልመና አለኝ። ኮምፒውተራችሁ ገጽ አልከፍት ስላለ ብቻ ፎርማት፣ ማለትም ያለውን ሁሉ ደምስሶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን፣ አታስደርጉት። ለምን እንደምል ከታች እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም

ቤት ውስጥ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ዴስክቶፕ አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ችግር ሲሠራ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት መስመራችን ወደ ፋይበር ተቀይሮ አዲስ ራውተር ተገጠመልን። ከዚያ ወዲህ ዋይፋዩ ይይዛል፣ ሲግናሉም ሙሉ ነው፣ ክሮም ግን ምንም አይከፍትም። ከዋይፋዩ ስም ሥር “ኢንተርኔት የለም” ይለኛል፤ ቴሌግራም ግን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ጥርት ብሎ ይሠራል! የባለቤቴ ስልክም በዚሁ ዋይፋይ ዩቲዩብ ሳይቀር ይከፍታል። አንድ የጎረቤት ልጅ “ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፣ ያለ ፎርማት አይሆንም” አለኝ። ልጄ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት፤ ማስታወሻዋ ሁሉ እሱ ላይ ነው። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦

ወንድሜ፣ የፎርማቱን ነገር ተወው። ዊንዶውስህ ደህና ነው። ኮምፒውተሩን ሳላየው እንዴት እንዲህ በድፍረት እንደምናገር ልንገርህ፤ መልሱን ራስህ ጽፈህልኛል። “ቴሌግራም ይሠራል” ብለሃል። ይቺ አንዲት ቃል የሥራውን ግማሽ ጨርሳለች።

መጀመሪያ “ተገናኝቷል” የሚለው ነገር ምን ማለት እንደሆነ እንይ። ኮምፒውተሩ ዋይፋይ ይዣለሁ ሲልህ ከራውተሩ ጋር ተገናኝቻለሁ ማለቱ ነው። ከራውተሩ ጋር ብቻ። ራውተሩ ደግሞ ያለው እዚያው ሳሎንህ ውስጥ ነው። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አውቶቡስ ውስጥ ቦታ ይዘህ መቀመጥህ ባሕር ዳር ደርሰሃል ማለት አይደለም፤ ቡሬም፣ እንጅባራም፣ ዳንግላም፣ መራዊም ከፊትህ ናቸው። አውቶቡሱ ከእነዚህ ባንዱ ቆሞ ቢቀር መፍትሔው ሞተሩን ማውረድ ሳይሆን የት እንደቆመ ማወቅ ነው።

አንተ ጋ ያለው አውቶቡስ የት እንደቆመ ደግሞ ቴሌግራም ተናግሯል። ቴሌግራም ከሠራ መስመሩ ክፍት ነው። መረጃ ከቤትህ ወጥቶ ተመልሶ ይመጣል። የቀረው ስም ነው።

እንዲህ አስበው። እኛ አገር ሰፈር ውስጥ የሰው ቤት ስንፈልግ የቤት ቁጥር ይዘን አንሄድም። ማዕዘኑ ላይ ያለው ባለሱቅ ጋ እንደርስና “የእንትና ቤት የትኛው ነው?” እንላለን፤ እሱም “ያ ሰማያዊ በር” ብሎ ያሳየናል። ኮምፒውተርም እንደዚያው ነው። አንተ የድረ ገጹን ስም ትጽፍለታለህ፤ እሱ ግን መሄድ የሚችለው በቁጥር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ “ይህ ስም ቁጥሩ ስንት ነው?” ብሎ ይጠይቃል። የሚጠየቀው ባለሱቅ ዲኤንኤስ ይባላል። ሱቁ ከተዘጋ ሰውየውም ቤቱ አለ፣ መንገዱም ክፍት ነው፣ አንተ ግን በሩን አታገኘውም። ቴሌግራም ለምን ሠራ? የሰርቨሮቹን ቁጥር ከመጀመሪያው በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ ነው። ቤቱን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ባለሱቁ ቢኖርም ባይኖርም ግድ የለውም።

“ኢንተርኔት የለም” የሚለው ጽሑፍም ግራ አያጋባህ። ዊንዶውስ ኢንተርኔት መኖሩን የሚፈትነው አንድ የማይክሮሶፍት ገጽ በስሙ ፈልጎ ነው። ስም የሚነግረው ካጣ ኢንተርኔት የለም ብሎ ይደመድማል።

አሁን በእጃችን እንፈትነው። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጫን፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲ፣ ኤም፣ ዲ ብለህ ጻፍና ኢንተር በል። ጥቁር መስኮት ይከፈታል። እዚያ ላይ ፒ፣ አይ፣ ኤን፣ ጂ ጻፍ፣ ክፍተት ስጥ፣ ከዚያ 8.8.8.8 ጨምርና ኢንተር በል። ይህ ቁጥር ጉግል እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕዝብ የከፈተው ዲኤንኤስ ነው፤ እኛ ግን አሁን የምንጠቀምበት “አለህ ወይ?” ብለን ለመጥራት ብቻ ነው። “ሪፕላይ ፍሮም” የሚሉ አራት መስመሮች ከመጡ መስመሩ ሕያው ነው። ቀጥለህ ያንኑ ትእዛዝ በቁጥሩ ፋንታ በጉግል ነጥብ ኮም ድገመው። ቁጥሩ መልስ ሰጥቶ ስሙ ላይ “ኩድ ኖት ፋይንድ ሆስት” የሚል ከመጣ በቃ፣ ችግሩ ዲኤንኤሱ ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ለሌሎቻችሁም ውጤቱን ልንገራችሁ፤ ከጠያቂው ጋር ሰሞኑን በቴሌግራም ስንጻጻፍ ነበር። እንዳልኩት ሆነ፤ ቁጥሩ መለሰ፣ ስሙ አልመለሰም። ከዚያ በዚያው ጥቁር መስኮት አይ፣ ፒ፣ ሲ፣ ኦ፣ ኤን፣ ኤፍ፣ አይ፣ ጂ፣ ክፍተት፣ ወደ ቀኝ ያዘመመች ሰረዝ፣ ኤ፣ ኤል፣ ኤል ብሎ እንዲጽፍ ነገርኩት። ረጅም ዝርዝር ይወጣል። ልጁ በስልኳ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። “ዲፎልት ጌትዌይ” በሚለው ትይዩ 192.168.100.1 ይላል። እሱ አዲሱ ራውተር ነው፤ ብዙ የፋይበር ራውተሮች ይህን ቁጥር ይዘው ይመጣሉ። ዝቅ ብሎ “ዲኤንኤስ ሰርቨርስ” በሚለው ትይዩ ግን 192.168.1.1 ይላል። ይሄ የድሮው ራውተር ቁጥር ነው። ያ ራውተር አሁን ካርቶን ውስጥ ገብቶ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል! ድሮ መስመሩን የዘረጋ ወይም ኮምፒውተሩን የነካካ ሰው ዲኤንኤሱን በእጁ ሞልቶት ኖሯል። ራውተሩ ሲቀየር ቁጥሩ እዚያው ቀረ። ኮምፒውተሩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ባለቤቱ የለቀቀውን ሱቅ ሲያንኳኳ ነው የከረመው። የሚስቱ ስልክ ደግሞ ሁሉንም ከአዲሱ ራውተር ስለሚቀበል ምንም አልነካውም።

ማስተካከያው ይኸው። የዊንዶውስን ቁልፍና አር ፊደልን አንድ ላይ ተጫኑ። በምትመጣው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ኤን፣ ሲ፣ ፒ፣ ኤ፣ ነጥብ፣ ሲ፣ ፒ፣ ኤል ጻፉና ኢንተር በሉ። ዋይፋዩ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ “ፕሮፐርቲስ” ግቡ። ከዝርዝሩ “ኢንተርኔት ፕሮቶኮል ቨርዥን 4” የሚለውን ሁለቴ ተጫኑ። ከታች በኩል “ኦብቴይን ዲኤንኤስ ሰርቨር አድረስ ኦቶማቲካሊ” የሚለውን መርጣችሁ ኦኬ በሉ። በራሱ መቀበሉ ካልሠራላችሁ በእጃችሁ 8.8.8.8ን አንደኛ፣ 1.1.1.1ን (እሱም ለሕዝብ ክፍት የሆነ ዲኤንኤስ ነው) ሁለተኛ አድርጋችሁ ሙሉ። በመጨረሻ ኮምፒውተሩን “ሪስታርት” አድርጉት፤ የያዘው ያረጀ የስም ማስታወሻ ይጠፋል።

ፍኖተ ሰላም ላይ የመጀመሪያው በቂ ነበር። ልጅቷ የፈተናውን ወረቀት ስታወርድ አባቷ ፎቶ ልኮልኛል።

ስለ ፎርማት የምጨቀጭቃችሁ ነገሩ በራሴ ቤት ስለደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት የእህቴ ላፕቶፕ ልክ እንዲህ አልከፍት ብሎ አንድ ጥገና ቤት ወሰድነው። ባለሙያው በቅጡ ሳያየው ፎርማት አለ። እኛም አላወቅንም፤ እሺ አልን። ከፍለን ይዘነው ስንመለስ ያው ነው፤ አይከፍትም። ራውተሩን ከሶኬት ነቅለን ትንሽ ቆይተን ስንሰካው ተከፈተ። ጥፋቱ መጀመሪያም ላፕቶፑ ላይ አልነበረም። ላፕቶፑ ላይ ግን አባታችን ሊያርፍ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ጓሮ ጌሾው ሥር ተቀምጦ የተነሳው ፎቶ ነበር። ሌላ ቅጂ የለውም። ስለዚህ ማንም ባለሙያ ፎርማት ካላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁት፦ “ሌላ ኮምፒውተር ወይም ስልክ በዚሁ ዋይፋይ ሞክረሃል?” እና “ፋይሌን መጀመሪያ ትገለብጥልኛለህ?”

ስልክ ስትሞክሩ ደግሞ የስልኩን ሞባይል ዳታ አጥፉት። ይቺን ብዙ ሰው ይስታታል። ዋይፋዩ ሲያቅተው ስልኩ ድምፁን አጥፍቶ በራሱ ዳታ ይከፍትና “ዋይፋዩ ደህና ነው” ያሰኛችኋል።

ስሙ ብቻ ሳይሆን ቁጥሩም መልስ ካልሰጠስ? ያኔ ያንኑ ረጅም ዝርዝር አውጡና “አይፒቪ 4 አድረስ” የሚለውን እዩ። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ አድራሻ ሳይሰጠው ቀርቶ የራሱን ቁጥር ፈጥሯል ማለት ነው። ራውተሩን ለግማሽ ደቂቃ ነቅላችሁ ስኩ፤ ዋይፋዩን “ፎርጌት” ብላችሁ እንደ አዲስ አስገቡት። አድራሻው በ192.168 ጀምሮ ስልኩም ኮምፒውተሩም ካልከፈቱ ችግሩ ከቤታችሁ ውጪ ነው፤ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውሉ።

ጥያቄ፦ ከሞጣ

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ልጆቼ የላኩልኝ ዕድሜው የገፋ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አለኝ። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ድረ ገጾች ሁሉ “ግንኙነትዎ የግል አይደለም” እያሉ ቀይ ምልክት ያወጣሉ እንጂ አይከፈቱም። ቀኑንና ሰዓቱን ተዛብቶ አገኘዋለሁ። ባለፈውም በጥንቃቄ አስተካክዬ፣ ዛሬ ሰኔ 18 ቀን 2017 ነው፣ ሰዓቱም ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው ብዬ ሞላሁለት። ነገር ግን አሁንም እንቢ ብሏል። ምን አጎደልሁ?

መልስ፦

ጋሼ፣ ምንም አላጎደሉም። የሞሉት ቀን ልክ ነው። ኮምፒውተሩ ግን የእኛን የዘመን አቆጣጠር አያውቅም።

የሆነውን ልንገርዎ። ሰኔ አሥረኛው ወር ስለሆነ ወሩን 10፣ ቀኑን 18፣ ዓመቱን 2017 አድርገው ሞልተዋል። ኮምፒውተሩ ይህን ሲያነብ ኦክቶበር 18 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ነው የሚለው። ትክክለኛው ቀን ግን በፈረንጅ ጁን 25 ቀን 2025 ነበር። ስለዚህ ኮምፒውተርዎ ወደ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ቀርቷል። ሰዓቱም እንዲሁ፤ የእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለእሱ 9 ሰዓት ነው። 3 ሲሉት ሌሊት መስሎታል።

ቀን ከድረ ገጽ ጋር ምን አገናኘው ይሉኝ ይሆናል። እያንዳንዱ ድረ ገጽ ልክ እንደ ቀበሌ መታወቂያ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት ማረጋገጫ ይዞ ነው የሚመጣው። ብሮውዘሩ፣ ማለትም እንደ ክሮም ያለው ገጽ መክፈቻ፣ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ መታወቂያውን ያያል፣ ከዚያ የራሱን ሰዓት ያያል። የእርስዎ ዘበኛ ዓመቱ 2017 እ.ኤ.አ. ነው ብሎ ያምናል። መታወቂያው ደግሞ በ2025 የተሰጠ ነው። “ይህ መታወቂያ ገና አልወጣም፣ ሐሰተኛ ነው” ብሎ ይመልሰዋል። ደግሞም ትክክል ነው፤ ሥራው ይሄው ነው። የማረጋገጫዎቹ ዕድሜም አጭር ነው፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ድርጅት በነፃ የሚያድለውና እጅግ ብዙ ድረ ገጾች የሚጠቀሙበት ማረጋገጫ ቢበዛ 90 ቀን ብቻ ነው የሚያገለግለው። ስለዚህ ሰባት ዓመት ይቅርና ጥቂት ወራት መዛባት እንኳ በር ያዘጋል። ክሮም አንዳንዴ በግልጽ “ዩር ክሎክ ኢዝ ቢሃይንድ” ብሎ ይጽፋል፤ ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል ማለቱ ነው።

እንዲህ ያድርጉ። ከታች በስተቀኝ ያለው ሰዓት ላይ ራይት ክሊክ አድርገው ቀንና ሰዓት ማስተካከያው ውስጥ ይግቡ። መጀመሪያ የሰዓት ክልሉን ይዩ። አዲስ አበባ የሚል አይፈልጉ፤ ዊንዶውስ ውስጥ የእኛ ክልል ናይሮቢ በሚል ስም ነው የተቀመጠው፣ ዩቲሲ ሲደመር 3። እሱን ይምረጡ። ከዚያ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመተ ምሕረቱንና ሰዓቱን በፈረንጅ አድርገው ይሙሉ። አንዴ ከተቀራረበ በኋላ “ሲንክ ናው” የሚለውን ቢጫኑ ደቂቃውን ራሱ ከኢንተርኔት ያስተካክላል። የኢትዮጵያ ቀን ዓይንዎ ፊት እንዲሆን ከፈለጉ ግድግዳ ላይ ያለው ካላንደር ይበቃል፤ ለኮምፒውተሩ የእሱን ይተዉለት።

ይህ ግን ግማሹ መፍትሔ ነው። መብራት ሲጠፋ ለምን ይረሳል? ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው ዋና ሰሌዳ (እናት ቦርዱ) ላይ የሳንቲም ቅርጽ ያላት፣ ብርማ ክብ ባትሪ አለች። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ሰዓቱን የምትቆጥር እሷ ናት። ሶኬቱ ላይ መብራት እስካለ ድረስ ብትደክምም አይታወቅባትም፤ መብራት ሲጠፋ ግን ሰዓቱ አብሮ ይጠፋል። ያረጀ ኮምፒውተር ላይ የእርስዎ ዓይነት ምልክት ካየሁ ከሌላ ነገር በፊት የምጠረጥረው እሷን ነው።

ስሟ ሲአር 2032 ነው፤ ላይዋ ላይ ተጽፏል። 3 ቮልት ናት። ቁጥሩ ልኳን ይናገራል፦ ስፋቷ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊሜትር። ሲገዙ ቁጥሩን አንብበው ይግዙ፤ 2025 የምትባል ቀጭን እህት አለቻት፣ 2.5 ሚሊሜትር ናት፣ ቦታው ላይ ትላላለች። ለመቀየር ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰኮንድ ተጭነው ውስጡ የቀረውን ኃይል ያውጡ። የጎኑን ክዳን ይክፈቱ። ባትሪዋን የያዘች ትንሽ ብረት አለች፤ በጥፍርዎ ወደ ውጭ ገፋ ሲያደርጓት ባትሪዋ ብድግ ትላለች። አዲሷን የመደመር ምልክቷ ወደ ላይ ሆኖ ጫን ያድርጓት፣ ቀጭ ትላለች። ዓይን የሚያስቸግርዎት ከሆነ የሰፈር ልጅ ይጥሩ፤ አምስት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ቀኑን አንዴ ያስተካክሉ፤ መብራት ቢጠፋም ይቆያል።

መብረቅ ሲበዛ ኮምፒውተሩንም ራውተሩንም ከሶኬት ይንቀሉ። የፋይበሩ ክር ብርጭቆ ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ የመብራት ገመዱ ግን ያስተላልፋል።

ጥያቄ፦ ከዳንግላ

ላፕቶፔን የማገናኘው ከስልኬ ሆትስፖት ጋር ነው። ጠዋት ፓኬጅ እገዛለሁ፤ ትንሽ ገጽ እንኳ ሳልከፍት ሆትስፖቱ እንደተገናኘ እያለ ገጹ ይቆማል። ቫይረስ ይሆን?

መልስ፦

እህቴ፣ ቫይረስ አይመስለኝም። ፓኬጅሽ አልቆ ነው። ስልክሽ ላይ ቀሪውን እዪ፣ ታገኚዋለሽ። ሆትስፖቱ ላፕቶፑንና ስልኩን ያገናኛል እንጂ ፓኬጅ ይኑር አይኑር አይናገርም።

ማን በላው? ዊንዶውስ ራሱ። ላፕቶፑ ዋይፋይ ባገኘ ቁጥር ያልተገደበ መስመር ያገኘ ይመስለውና አፕዴት ማውረድ ይጀምራል። አንድ ትልቅ አፕዴት ብቻውን ጊጋ ባይቶችን ሊጨርስ ይችላል። መድኃኒቱ አንድ ነው። ከሆትስፖቱ ጋር እንደተገናኘሽ ሴቲንግ፣ ኔትወርክ፣ ከዚያ የሆትስፖቱ ስም ላይ ፕሮፐርቲስ ግቢና “ሚተርድ ኮኔክሽን” የሚለውን አብሪው። መስመሩ በልክ የሚከፈልበት ነው ብለሽ ነገርሽው ማለት ነው። ከዚያ አብዛኛውን አፕዴት ያቆያል። የሆትስፖቱን ስም ከቀየርሽ ግን አዲስ መስመር ስለሚመስለው እንደገና ማብራት አለብሽ። አፕዴቱን ደግሞ ጨርሰሽ አትዝጊው፤ ወር በገባ ያልተገደበ ዋይፋይ ያለው ዘመድ ቤት ሄደሽ አውርጂው።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር

ቪፒኤን ሳበራ ሁሉም ይከፈታል። ቪፒኤኑን ስዘጋው አንድም ገጽ አይከፈትም። መስመሬ ታግዶ ነው?

መልስ፦

አይደለም ወንድሜ። ይሄ የፕሮክሲ ትራፊ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾች ለወራት በተዘጉበት ጊዜ ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ቪፒኤን ጭኗል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሲበሩ የዊንዶውስን ፕሮክሲ ይቀይሩታል። ማንኛውም ብሮውዘር ወደ ውጭ ከመውጣቱ በፊት በእነሱ በኩል እንዲያልፍ ማለት ነው። በሥርዓት ሲዘጉ የነካኩትን መልሰው ይሄዳሉ። ፕሮግራሙ ክፍት እንዳለ መብራት ድርግም ካለ ግን ለመመለስ ጊዜ አያገኝም። ትእዛዙ ይቀራል፣ አስተላላፊው ይጠፋል። ብሮውዘሩም “በእገሌ በኩል እለፍ” እንደተባለ እገሌን ሲጠብቅ ይውላል። ቪፒኤኑን ስታበራው እገሌ ይመጣል፤ ስለዚህ ይከፈታል።

ሴቲንግ ግባ፣ ኔትወርክና ኢንተርኔት፣ ከዚያ ፕሮክሲ። “ዩዝ ኤ ፕሮክሲ ሰርቨር” የሚለው በርቶ ታገኘዋለህ፤ አድራሻው ላይ 127.0.0.1 ይኖራል። ያ ቁጥር ኮምፒውተሩ ራሱን የሚጠራበት ነው። አጥፋው፣ ሴቭ በል፣ ብሮውዘሩን ዘግተህ ክፈት። ፋየርፎክስ የራሱ የፕሮክሲ ቦታ ስላለው እሱ ብቻ አልከፍት ካለ እዚያም ግባ። ቪፒኤኑ ከአሁን በኋላ የማያስፈልግህ ከሆነ አንሳው። የማታውቀው ነፃ ቪፒኤን የምትጎበኘውን ሁሉ በእጁ ነው የሚያሳልፈው፤ የባንክ ሥራ በእሱ በኩል አትሥራ።

ያው ፕሮክሲ ካጠፋኸው በኋላ በራሱ ተመልሶ የሚበራ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ተንኮለኛ ፕሮግራም ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ኮምፒውተሩን በአንቲቫይረስ ሙሉ አስፈትሸው።

ጥያቄ፦ ከቡሬ

ሁሉም ገጽ ይከፈታል፤ አንድ ገጽ ብቻ ላፕቶፔ ላይ አይከፈትም። ስልኬ ላይ ግን ያው ገጽ ይከፈታል። ለምን ይሆን?

መልስ፦

ከላይ የማዕዘኑን ባለሱቅ አውርቻለሁ። ይህን የስም መጠየቂያ ዘዴ ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ከመንደፉ በፊት ባለሱቅ አልነበረም። የኮምፒውተሮቹ ስምና ቁጥር በሙሉ በአንድ ፋይል ተጽፎ፣ ሁሉም ያንን ፋይል እየገለበጠ ነበር የሚጠቀመው። የዚያ ፋይል ዘር ዛሬም እያንዳንዱ ዊንዶውስ ውስጥ አለ። ሆስትስ ይባላል። ኮምፒውተሩ ባለሱቁን ከመጠየቁ በፊት መጀመሪያ የራሱን ደብተር ያያል፤ እዚያ የተጻፈውን ያምናል።

በክራክ፣ ማለትም ሳይገዛ ቁልፉ ተሰብሮ፣ የተጫነ ፕሮግራም ካለህ ጫኙ እዚያ ደብተር ላይ መስመር ጨምሮ ሊሆን ይችላል፤ ፕሮግራሙ ከአምራቹ ገጽ ጋር እንዳይገናኝ ለማድረግ። አንዳንድ ቫይረሶችም የአንቲቫይረስ ገጾችን በዚሁ ይዘጋሉ።

ኖትፓድን ፈልገህ ራይት ክሊክ፣ “ራን አዝ አድሚኒስትሬተር”። ፋይል፣ ኦፕን። ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ሲስተም 32፣ ድራይቨርስ፣ ከዚያ ኢ፣ ቲ፣ ሲ የሚባል ፎልደር። ባዶ ከመሰለህ ከታች በኩል “ኦል ፋይልስ” የሚለውን ምረጥ፣ ሆስትስ ይወጣል። በመሰላል ምልክት የሚጀምሩትን መስመሮች ተዋቸው፤ ማብራሪያ ናቸው። ያለ መሰላል የተጻፈ፣ ያ እንቢ ያለህ ገጽ ስም ያለበት መስመር ካገኘህ አጥፋውና ሴቭ አድርግ። ብሮውዘሩን ዘግተህ ክፈትና ሞክረው። ደብተሩ ንጹሕ ሆኖ ገጹ አሁንም እንቢ ካለ፣ ስክሪኑ ላይ በትንንሽ ፊደል የሚጽፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ አብረን እናየዋለን።